ደም ሲታይ፦ ልየታ ወይስ ምርመራ?

በሰገራ ላይ የታየ ደም በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ ወዲያው ስም ይወጣለታል፤ ደማቅ ከሆነ ኪንታሮት፣ ንፍጥና ቁርጠት ከታከለበት ደግሞ አሜባ ይባላል። ሁለቱም የተለመዱ ሕመሞች በመሆናቸው ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ምክንያቱም የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲጀምር የሚያሳየውን ምልክት ከእነዚህ በዓይን መለየት አይቻልም።

የቅድመ ካንሰር ልየታ የሚባለው ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ሰዎች በዕድሜ እየመረጡ መመርመር ነው። በእንግሊዝ የሰገራ ናሙና መውሰጃ በየሁለት ዓመቱ በፖስታ እቤት ድረስ ይላካል፤ በአሜሪካ ደግሞ ልየታው የሚጀመርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ኢትዮጵያ ለአንጀት ካንሰር እንዲህ ያለ አገር አቀፍ መርሐ ግብር የላትም። ይሁንና ምልክት የታየበት ሰው፣ የትም ይኑር የት፣ ጉዳዩ ከልየታ ወጥቷል፤ የሚያስፈልገው የሕመሙን መንስኤ የሚፈልግ ምርመራ ነው። ዕጢ አንድ ቀን እየደማ ሌላ ቀን ስለማይደማ፣ ባሕር ማዶ የሚኖር ወገን ባለፈው ዓመት የላከው ናሙና ንጹሕ መባሉን ዛሬ ለሚያየው ደም መልስ አድርጎ ሊወስደው አይገባም።

ደም ብቻም አይደለም። ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ተጸዳድተውም ያልጨረሱ መስሎ መሰማት፣ ያለምክንያት መክሳትና በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ ሁሉ ትኩረት ይሻሉ። የመጨረሻው በተለይ ያታልላል፤ በቀኙ የአንጀት ክፍል የበቀለ ዕጢ ደሙን ቀስ በቀስ ከሰገራው ጋር እያዋሐደ ስለሚያፈስ ታማሚው የሚያየው ነገር አይኖርም፤ ድካሙም በምግብ ጉድለት ይተረጎምና የብረት እንክብል ይታዘዝለታል። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት በብረት እጥረት ደም ካነሳቸው፣ ደሙ በየት እንደሚፈስ ሳይጣራ እንክብል ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ስሕተት ነው። ወጣትነትም ዋስትና አይሆንም፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለዚህ ካንሰር ከሚታከሙት ውስጥ ከ50 ዓመት በታች የሆኑት ጥቂት አይደሉም።

ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ አንጀትን ከውስጥ ማየት፣ ከሁሉ የበለጠ ይታመናል። ታማሚው በዋዜማው ጠጣር ምግብ ትቶ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት በብዙ ፈሳሽ ይጠጣል፤ ብዙዎች የሚማረሩትም ከምርመራው ይልቅ በዚህ ሌሊት ነው። ሐኪሙ ፖሊፕ፣ ማለትም በአንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ፣ ካገኘ ብዙውን ጊዜ እዚያው በሽቦ ቀለበት ቆርጦ ያወጣዋል፤ አንዳንዱ ፖሊፕ ወደ ካንሰር የሚለወጠው በአብዛኛው ዓመታት ወስዶ ስለሆነ፣ ይህ ራሱ መከላከል ነው።

በኢትዮጵያ መሣሪያው በአብዛኛው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ወጪውም ለብዙዎች ከባድ ነው። በጓንት በተሸፈነ ጣት ፊንጢጣን መመርመር ግን በማንኛውም ጤና ጣቢያ ይቻላል፤ ከፊንጢጣ አቅራቢያ ያለ ዕጢም በጣት ሊዳሰስ ይችላል። ኀፍረት ታማሚውንም ባለሙያውንም ከዚህ ያግዳቸዋል። ስለዚህ ለተመላለሰ ደም ዳግመኛ የአሜባ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ማዘዣውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት በጣት እንዲመረመር፣ የደም መጠኑም እንዲለካለት ይጠይቅ፤ ደሙ ካልቆመም ወደ ሆስፒታል እንዲላክ አጥብቆ ይጠይቅ።