የስፌት ወንፈል በሚኤሶ፦ ማን ይገባል? ማን ይቀራል?



ዛሬ ስለ ስፌትና ስለ ወንፈል እናነባለን። ወንፈልን የማያውቅ ገበሬ የለም። «ዛሬ የአንተን ማሽላ እናርም፤ ነገ የእኔን ታርማለህ» ማለት ነው። ደቦ ግን ከወንፈል ይለያል። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ የቀን ቁጠራው እንደ ወንፈል ጥብቅ አይደለም። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ለሥራ መጠራራት ጉዛ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ብቻውን የከበደው ሥራ በብዙ እጅ ይቀላል።

ስለ እርሻ ወንፈል ብዙ ይወራል። ስለ ሴቶች የስፌት ወንፈል ግን ብዙ አይወራም። ስለዚህ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ደብተሬን ይዤ ሴቶቹ ወደሚሰፉበት ግቢ ሄድኩ። ያየሁትንና የሰማሁትን እነሆ።

ከግራሩ ጥላ ሥር

ሚኤሶ በምዕራብ ሐረርጌ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው የባቡር መስመር ላይ ነች። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ያ ባቡር ዛሬ በሚኤሶ አያልፍም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሚኤሶ ላይ ጣቢያ አለው። በገበያዋ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው ይገናኛል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ፍየል፣ ወተት ይሸጣል፤ ይገዛል።

ከግራሩ ጥላ ሥር 6 ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ሣሩን ትሰነጥቃለች። አንዷ ቀለም የተነከረውን ከውሃ እያወጣች ታለሰልሳለች። አንዷ በወስፌ ትወጋለች፣ ትስባለች። የቡና ጀበና ከሰል ላይ ተጥዷል። ሕፃናት አቧራ ላይ ይጫወታሉ።

«እማማ፣ የማን ሞሶብ ነው የሚሰፋው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የዛሬው የእሷ ነው» አሉኝ፤ በአገጫቸው አንዷን ወጣት እያመለከቱ። «የሚመጣው ሳምንት የእኔ ነው፤ ከዚያ የዚያችኛዋ። ተራ አለው፣ ልጄ።»

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሴቶቹ 6 ናቸው። በሳምንት 1 ቀን ይሰበሰባሉ። አንዷ ባለተራ ስትሆን 5ቱ ያግዟታል። 6 ሳምንት ሲሞላ እያንዳንዷ ለሌሎቹ 5 ቀን ሰጥታለች። እሷም በተራዋ ቀን 5 ሰው አግዟታል። የሰጠችውና የተቀበለችው እኩል ነው።

ለምን ይገባሉ?

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ትልቅ ሞሶብ የወራት ሥራ ነው። ሣሩ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በቀለም ይፈላል፣ ከዚያ ይሰፋል። ያውም ሴቲቱ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አጥብታ በተረፋት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። የስፌት ሣር፣ አክርማውም ስንደዶውም፣ የደጋ ሣር ነው። ለሚኤሶ ሴት ከጭሮ በኩል፣ ከጨርጨር ደጋ፣ በገበያ ይመጣላታል። ለብቻዋ ትንሽ እስር ብትገዛ ይወደድባታል። ለ6 ሆነው ብዙ ሲገዙ ይረክስላቸዋል። ቀለሙንም እንዲሁ። አንዷ ቀዩን ትነክራለች፣ ሌላዋ አረንጓዴውን፣ ሌላዋ ሐምራዊውን። ከዚያ ይለዋወጣሉ። አንድ ድስት ቀለም የፈላባት ሴት ሦስት ዓይነት ቀለም ይዛ ቤቷ ትገባለች።

ሦስተኛው ጥለት ነው። አንዷ የምታውቀውን ጥለት ሌላዋ አታውቀውም። አጠገቧ ተቀምጣ ስታይ ትማራለች። ይህ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። በሐረር ከተማ የሐረሪ ሴቶች ስፌት የታወቀ ነው፤ ያማሩትን ስፌቶች የቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሏቸዋል። ቀድሞ ልጃገረዶች በአንድ ቤት ተሰብስበው፣ ባለሙያ ሴት እያሳየቻቸው ስፌት ይማሩ ነበር። ያንን ቤት «ሞይ ጋር» ይሉታል፤ የሥራ ቤት ማለት ነው። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድም ቤቱ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ነው። የሚሸፈነው በምንጣፍ ነው፤ ምንጣፉን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ልጅ ስትዳር የእናቷ ወገን ሴቶች ተባብረው የሙሽራዋን ቤት ያሰናዳሉ።

አራተኛውን ምክንያት አዛውንቷ ነገሩኝ። «ልጄ፣ ብቻዬን ስሰፋ ሐሳብ ይይዘኛል። እዚህ ስሆን ወሬ ይይዘኛል። ወሬ ይሻላል» አሉ። ሁሉም ሳቁ።

ለምን ይቀራሉ?

ከግቢው ወጥቼ ሁለት ቤት አለፍኩ። አንዲት ሴት በሯ ላይ ብቻዋን ትሰፋለች። ስፌቷ በጣም ያምራል። ዙሩ እንደ ገመድ የጠበቀ ነው።

«እርስዎ ለምን ወንፈሉ ውስጥ አልገቡም?» አልኳት።

«እጅ ይለያያላ!» አለችኝ። «እኔ አጥብቄ እስባለሁ። ሌላዋ ታላላለች። ግማሹ ጠብቆ ግማሹ ከላላ ሞሶቡ ይጣመማል። ክዳኑ እኮ አይገጥምም። እኔ ለሰው ቆንጆ ሰፍቼ ለእኔ የተጣመመ ይሰፋልኝ? እኔ ደግሞ የምሰፋው ለሽያጭ ነው። የተጣመመ ማን ይገዛኛል?»

እውነቷን ነው። ይህቺ ሴት ኩሩ ወይም ቀናተኛ ሆና አይደለም። ቀን በቀን ይመለሳል፤ ሙያ ግን በሙያ ሁልጊዜ አይመለስም።

በሩቅ አገርም እንዲሁ ነው

ይህ ነገር የሚኤሶ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስ ይሰፋሉ። መጀመሪያ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች ያዘጋጃሉ። ከዚያ ቁራጮቹን አጋጥመው ትልቁን ልብስ ያወጣሉ። አንዳንዶቹ ይለዋወጣሉ። ለምሳሌ 12 ሴቶች ይስማማሉ። እያንዳንዷ አንድ ዓይነት 12 ቁራጭ ትሰፋለች። አንዱን ለራሷ አስቀርታ 11ዱን ለ11 ሴቶች ትሰጣለች። ከእነሱም 11 ትቀበላለች። በመጨረሻ እያንዳንዷ 12 ዓይነት ቁራጭ ይኖራታል።

ታዲያ እዚያም የሚገቡ አሉ፤ የሚቀሩም አሉ። የምትገባዋ «ልዩ ልዩ ጥለት አገኛለሁ፣ ጓደኛም አፈራለሁ» ትላለች። የምትቀረዋ «የአንዷ ስፌት በትንሹ ከሳተ ቁራጩ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ የለፋሁበትን ሰጥቼ የማይገጥም እቀበላለሁ» ትላለች። ከሚኤሶዋ ሴት ጋር አንድ ቃል አይደለም?

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840ዎቹ እዚያ አገር አንድ ልማድ ተስፋፍቶ ነበር። እያንዳንዷ ሴት በሰፋችው ቁራጭ ላይ ስሟን በቀለም ትጽፋለች። ጎረቤቷ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ ያንን ልብስ ይሰጧታል። የወዳጆቿን ስም ለብሳ ትተኛለች ማለት ነው። የሰፊዎቹ ስምና የእጃቸው ጽሑፍ በአንዳንዱ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ሦስት ቀን ወይስ ሁለት ቀን?

ወደ ግራሩ ጥላ ተመለስኩ። ይህን ሁሉ ስነግራቸው አዛውንቷ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«የእኛን ወንፈል አንድ ጊዜ ያፈረሰው ሙያ አይደለም። ቁጥር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንዷ ሴት ልጇን ልትድር ነው። ሞሶብ ቸኮለባት። ከተራው ውጭ ጎረቤቷን ለመነቻት። ጎረቤቷም መጥታ ሰፋችላት። ሠርጉ አለፈ። መመለሻው ሲደርስ ግን ጠብ ተነሳ። አንዷ «3 ቀን ሰጥቻለሁ» አለች። ሌላዋ «2 ቀን ነው፤ አንዱን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የመጣሽው» አለች። ምስክር ጠሩ። ምስክሮቹም ተለያዩ። ሁለቱ በር ለበር የሚኖሩ ሴቶች እሳት መጫጫር ተዉ። በልቅሶ ቤት እንኳ ለየብቻ ተቀመጡ። ወንፈሉም ለዚያ ዓመት ቀረ።

«ማንኛቸው ነበሩ የዋሹት?» አልኩ።

«ማንም አልዋሸም» አሉ አዛውንቷ። «ሁለቱም እንዳስታወሱት ተናገሩ። ሰው የሰጠውን አይረሳም። የተቀበለውን ግን ይረሳል።»

ደብተሩ

አሁን ወንፈሉ ደብተር አለው። የምትጽፈው በዚህ ዓመት ፊደል የቆጠረች እናት ናት። በገጹ ላይ አራት መስመር አስምራለች። በመጀመሪያው ቀኑ ይጻፋል። በሁለተኛው የባለተራዋ ስም፤ በሦስተኛው የመጡት ስም፤ በአራተኛው «ሙሉ» ወይም «ግማሽ» ይባላል። እያንዳንዷ የመጣች ሴት ስሟን ራሷ ትጽፋለች። መጻፍ ያልቻለች በጣቷ ትፈርማለች።

ስለ ሙያውም መላ ፈልገዋል። ዋናውን ስፌት ባለቤቷ ብቻ ትሰፋለች። ወስፌውን ለሌላ አትሰጥም። ሌሎቹ ይሰነጥቃሉ፣ ይነክራሉ፣ ያለሰልሳሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ልጅ ይይዛሉ። እጅ የሚለየው ስፌት ላይ እንጂ ስንጠቃ ላይ አይደለም። ይህን ሲያደርጉ ያቺ ብቻዋን የምትሰፋው ባለሙያ «እንዲህ ከሆነስ አስብበታለሁ» ብላለች። እስካሁን አልገባችም። ማስገደድ አይገባም።

የማትመልሰዋ ሴት

ነገር ግን ደብተሩ ሁሉን ነገር አላቃናም። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸት ይሆናል።

ከ6ቱ አንዷ ባሏ የሞተባት ናት። 3 ትንንሽ ልጆች አሏት። ቀን ከሰው ቤት ትሠራለች። ወንፈሉ ላይ ሁለት ቀን ቀረች። ሦስተኛም ቀረች። በቃል በነበረ ጊዜ ማንም አይቆጥርባትም ነበር። አሁን ግን በደብተሩ ላይ ባዶው መስመር ይታያል። አንድ ቀን መጥታ «ከእንግዲህ ከወንፈሉ አውጡኝ፤ ዕዳዬን በሰው ፊት አታንብቡት» አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ሁሉም ዝም አሉ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። የጻፈችው እውነት ነው። ግን እውነቱ ጎረቤቷን አስለቀሰ።

አዛውንቷ ተናገሩ፦ «ደብተሩ ምን ጥፋት አለበት? ጥፋቱ የእኛ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ እንዲቆጠር ያደረግን እኛ ነን። ይቺ ልጅ ቀን ባይኖራት ማታ አላት። የሁላችንንም ልጆች ማታ ትይዝልን የለም እንዴ? እሱስ ሥራ አይደለም?»

ተወያዩ። ተስማሙም። ሁለት ማታ ልጅ መያዝ እንደ አንድ ቀን ወንፈል ይቆጠራል። በደብተሩ ላይ አምስተኛ መስመር ተጨመረ፤ «የሥራው ዓይነት» የሚል። ዕዳ የሚነበበውም በሁሉ ፊት ሳይሆን ለባለቤቷ ብቻ በጆሮዋ ሆነ። ሴትየዋ ተመለሰች። በሚቀጥለው ሳምንት ስሟን በደብተሩ ላይ ስትጽፍ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አንድም ፊደል አልገደፈችም።

ምን እንማራለን?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ልክ ነው። ግን ሎሚውን ስንካፈል ማን ስንት እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። የደከመውም ሰው የሚችለውን ያህል እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ወንፈል የማይገባን ሰው «ሰነፍ ነው፣ ኩሩ ነው» ከማለታችን በፊት ለምን እንደቀረ እንጠይቀው። ምናልባት ጥፋቱ ከሰውየው ሳይሆን ከደንቡ ይሆናል። ደንብ ደግሞ በሰው የወጣ ስለሆነ በሰው ይሻሻላል።

የከበዱ ቃላት

ወስፌ፦ ስፌት የሚወጋበት ስለታም ብረት።
ጥለት፦ በስፌት ወይም በጨርቅ ላይ የሚታይ የቀለም ጌጥ።
መግደፍ፦ ሲጽፉ ወይም ሲያነቡ ፊደል መዝለል።
ደንብ፦ ሰዎች ተስማምተው ያወጡት የአሠራር ሥርዓት።

ለመወያየት

1. በእናንተ ቀበሌ የስፌት፣ የእርሻ ወይም የቤት ሥራ ወንፈል አለ? ማን ይገባል? ማን ይቀራል?
2. ባለሙያዋ ሴት ወንፈሉ ውስጥ አለመግባቷ ትክክል ነው ትላላችሁ?
3. ሁለት ማታ ልጅ መያዝ እንደ አንድ ቀን ሥራ መቆጠሩ ተገቢ ነው? እናንተ ብትሆኑ ስንት ታደርጉት ነበር?
4. 8 ሴቶች ወንፈል ቢገቡና በሳምንት 1 ቀን ቢሠሩ፣ ተራው በስንት ሳምንት ይሞላል? እያንዳንዷስ ለሌሎች ስንት ቀን ትሰጣለች?
5. በደብተራችሁ ላይ አምስት መስመር አስምሩ። የእናንተን ወንፈል ጻፉበት።