መኪናው ቴሽ ላይ ይቀራል

ወደ ዜርማት የሚሄድ ሰው መኪናውን ይዞ መንደሩ አይገባም። በደቡብ ስዊዘርላንድ፣ በቫሌ ካንቶን፣ ጠባቡን ሸለቆ ተከትሎ ሽቅብ ሲነዳ ይቆይና አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ሲቀረው ቴሽ በምትባል ትንሽ መንደር ይቆማል። እዚያ ከ2,000 በላይ መኪና የሚይዝ ባለ ጣሪያ ማቆሚያ አለ። እንግዳው ሻንጣውንና የበረዶ ሸርተቴ ዕቃውን በእጅ ጋሪ ላይ ይጭናል፤ ጋሪውን እየገፋ ከነሸክሙ ባቡር ውስጥ ይገባል። ባቡሩ በየ20 ደቂቃው ይነሣል፤ በ12 ደቂቃም ያደርሳል።

ዜርማት 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነች፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ታንሳለች። ዙሪያዋን የከበቧት ተራሮች ግን ሌላ ናቸው። ከሁሉም የታወቀው ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ጥቂት ብቻ ይጎድላል። በ1865 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐርና ጓደኞቹ ጫፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡት፤ ከሰባቱ አራቱ ሲወርዱ ተከስክሰው ሞቱ። የአደጋው ወሬ አውሮፓን አዳረሰ፤ የመንደሪቱም ስም አብሮ ገነነ። ያ ተራራ ዛሬም በጭስ ሳይጋረድ ከመንደሩ ድልድይ ላይ ቁልጭ ብሎ መታየቱ ለነዋሪው ትልቅ ሀብት ነው። መኪና ለምን እንደተከለከለ ለሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ አየሩ እንዲጠራ፣ ተራራው እንዲታይ።

መልሱ እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። በአልፕስ ተራሮች መኪና ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ከ120 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጭስ የሰው መነጋገሪያ ከመሆኑ በፊት የተጣላው ፈረሱና ሞተሩ ነበር።

ለዚህ ከግራውቡንደን የተሻለ ምስክር የለም። የዚህ የምሥራቅ ስዊዘርላንድ ተራራማ ካንቶን መንግሥት ነሐሴ 1900 ላይ በግዛቱ ባሉ መንገዶች ሁሉ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። መንገዶቹ ለፈረስና ለፖስታ ሠረገላ የተሠሩ ናቸው፤ በአንዱ ጎናቸው ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል ነው። ሞተር ሲያጓራ ፈረስ ይደነብራል፤ ፈረስ ከደነበረ ደግሞ ሠረገላው ከነተሳፋሪው ገደል ይገባል። አቧራውም ነበረ። ከዚህ ሁሉ ጋር ካንቶኑ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት የሬቲያ ባቡር መስመር ገና እየተዘረጋ ነበር፤ ገበሬውም መኪና የጥቂት ባለጸጎች መጫወቻ ሆኖ ይታየው ነበር። መኪና ያለው ሰው ካንቶኑን አቋርጦ ማለፍ ከፈለገ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፈረስ ጠምዶ፣ እያስጎተተ ነበር የሚያልፈው።

እገዳው የአንድ ሹም ትእዛዝ ሆኖ አልቀረም። በ25 ዓመት ውስጥ ጥያቄው አሥር ጊዜ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። መኪና ያለው እንግዳ ወደ ሌላ አገር እንዳይሸሽ የሚሰጉ ይግባ ይላሉ፤ በሠረገላና በፈረስ የሚተዳደሩ፣ መንገዱን በጉልበታቸው የሚጠግኑም አይግባ ይላሉ። በመጨረሻ ሰኔ 1925 ላይ በጠባብ ልዩነት ይግባ ያለው ወገን አሸነፈ። የዛሬ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲሰማ የኋላ ቀሮች ግትርነት አድርጎ እንዳያልፈው እመኛለሁ። እነዚያ ገበሬዎች መንገድ የማን ነው ብለው በግልጽ ጠይቀዋል፤ መልሱንም ለሩብ ምዕተ ዓመት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ለመኪና ስንሰጥ እንዲህ ደጋግሞ የተጠየቀ ሕዝብ ጥቂት ነው።

ዜርማት በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ ናት፤ ታሪኳም ይለያል። ግራውቡንደን መንገድ ነበረው፤ መኪናን ከለከለ። ዜርማት ግን ከመንገድ በፊት ባቡር ገባላት። ከቪስፕ ከተማ የሚነሣው መስመር በ1891 መንደሩ ደረሰ፤ ከዚያ በፊት እንግዳው በእግሩ ወይም በበቅሎ የቀን ጉዞ ይጓዝ ነበር። በ1898 ደግሞ ከመንደሩ ተነሥቶ 3,089 ሜትር ላይ ወዳለው ጎርነርግራት የሚወጣ፣ በጥርሳም ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር ተከፈተ፤ በስዊዘርላንድ የመጀመሪያው ነበር። ሆቴሉም፣ ሱቁም፣ የተራራ መሪውም ኑሮ በሐዲዱ ዙሪያ ተደራጀ። እንዲያም ሆኖ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ ባቡሩ በበረዶው ወራት መንደሩ ድረስ አይወጣም ነበር፤ ዜርማት የበጋ መንደር ነበረች። የበረዶ ሸርተቴው ስኪ የዓመቱን ሌላኛውን ግማሽ ሲከፍትላት እንግዳውን ተሸክሞ የወጣው ያው ባቡር ነው።

ስለዚህ የመኪናው መንገድ ዘግይቶ ሲመጣ ሐዲድ የለመደ መንደር ጠበቀው። ከቴሽ በላይ ያለው ጠባብ መንገድ ዛሬም በፈቃድ ብቻ የሚነዳበት ነው፤ ፈቃድ ያለው ነዋሪም ቢሆን መኪናውን በመንደሩ ሰሜናዊ ጫፍ አቁሞ ይገባል። እዚህ ላይ የባቡር ድርጅቱ ጥቅሙን እንደሚያስጠብቅ አይካድም። እያንዳንዱ እንግዳ ከቴሽ ወደ ላይ ትኬት ይቆርጣል፤ መንገዱ ቢከፈት ያ ገቢ ይቀንሳል። ይህን የሚያነሡ ተቺዎች አልተሳሳቱም። ጥቅም ስላለበት ብቻ ግን ውሳኔው ስህተት ይሆናል አልልም፤ የሕዝብ ጥቅምና የድርጅት ጥቅም አንድ አቅጣጫ የሚይዙበት ጊዜ አለ።

ከዋናው ጎዳና ታጥፎ ሂንተርዶርፍ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር የገባ ሰው በአጫጭር የእንጨት እግሮች ላይ የቆሙ የቆዩ ጎተራዎች ያገኛል። በእግሩና በጎተራው መካከል ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቷል፤ አይጥ ሽቅብ እንዳትወጣ ነው። እህል አይጥ የበላበት ገበሬ የትም ቢሆን ዘዴው ወዲያው ይገባዋል። በጎተራዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ የተለካው ለሰውና ለበቅሎ ነው። የመንደሩ ተሽከርካሪዎች መልክ የወጣው ከዚህ ጥበት ነው፤ ከባጃጅ የሚተልቁ፣ ከሚኒባስ የሚጠቡ፣ በባትሪ የሚሄዱ አራት ማዕዘን ሳጥኖች። አብዛኞቹን የሚሠሯቸው እዚያው ያሉ ወርክሾፖች ናቸው። ፍጥነታቸው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሆቴሎች እንግዳ ያመላልሱባቸዋል፤ ታክሲ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ሲሚንቶና ቢራ የሚጭንም አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሚሰጠው ተሽከርካሪው ለሥራ እንደሚያስፈልግ ላሳየ ሰው ነው።

እንዲያም ሆኖ ቁጥራቸው ወደ 500 ደርሷል። መንደሩ ቋሚ ነዋሪው ከ6,000 አይበልጥም፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጸጥታ ፈልጎ የመጣ እንግዳ ከባቡር እንደወረደ ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ የደረሰ የሆቴል ተሽከርካሪ ያስደነግጠዋል። ሕፃን የያዘች እናት ግድግዳ ተጠግታ ታሳልፋለች። ቅሬታው ትክክል ነው። ዜርማት የከለከለችው ቤንዚንና ናፍጣ የሚያነድደውን ሞተር ነው፤ መኪናን ራሱን አልከለከለችም። ይህ ልዩነት ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስትወስን የነዳጁ ወጪ ጉዳይ መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ በአዲስ አበባ የመገናኛ መስቀለኛ መንገድ መጨናነቅ ግን መኪናው በባትሪ ስለሄደ አይቃለልም። ጭስና ቦታ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዜርማት የመለሰችው የመጀመሪያውን ነው።

የቦታውን ጥያቄ የመለሱት ሌሎች ናቸው። ሙረን ከላውተርብሩነን ሸለቆ በላይ፣ ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ በ1891 ሐዲድ ደረሰላት፤ ዛሬ ሰውም ዕቃም የሚደርሳት በኬብል ካርና በባቡር ነው። እዚያ ክልከላውን ያወጀው መልክዓ ምድሩ ነው ማለት ይቻላል። በሳስፌ ደግሞ መንገዱ በ1951 መንደሩ ደጃፍ ድረስ ደረሰ፤ ነዋሪዎቹ ለዘመናት ሲመኙት የነበረውን መንገድ ካገኙ በኋላ መኪናውን ከመግቢያው ላይ አቆሙት። ይህ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ውሳኔ ነው። የሌላቸውን መተው ቀላል ነው፤ እነርሱ የተዉት እጃቸው የገባውን ነው።

በፈረንሳይ በኩል አቮርያዝ አለች። በ1960 የኦሊምፒክ ቁልቁለት ስኪ ወርቅ ያገኘው ዣን ቫርኔ ከሞርዚን በላይ ባለው ባዶ የግጦሽ ሜዳ ላይ አዲስ የስኪ ከተማ አሰበ፤ ወጣቱ ባለሀብት ዠራር ብሬሞን ገንዘቡን ይዞ ገባ፤ አርክቴክቱ ዣክ ላብሮ ደግሞ ከቋጥኙ ጋር የተዋሐዱ፣ በእንጨት የተሸፈኑ ሕንፃዎችን ነደፈ። በ1966 የተከፈተችው ይህች ከተማ ስትታሰብም የመኪና ጎዳና አልነበራትም። እንግዳው መኪናውን ከመግቢያው ትቶ በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ይገባል፤ ከደጁም ስኪውን አጥልቆ ይወጣል። በኦስትሪያ ያለችው ሰርፋውስ ደግሞ በመኪና ጭስና ጡሩንባ ከታፈነች በኋላ በ1985 ከዋናው ጎዳናዋ ሥር ዋሻ አስቆፍራ በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፍ የምድር ውስጥ ባቡር አስገባች። ከሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነዋሪ ላላት መንደር አራት ጣቢያ ያለው ሜትሮ! ገንዘብ ያለው ብቻ የሚያደርገው ነው፤ ግን መንደር ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ማሰብ እንደሌለበት ያሳያል።

መንገድ ይከፈት የሚለው ድምፅ የሚበረታው ተራራው ሲቆጣ ነው። በ1991 የጸደይ ወራት በዜርማት ሸለቆ፣ ራንዳ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ወደ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ቋጥኝ በሁለት ዙር ተንዶ ሐዲዱንና መንገዱን ቀበረ፤ ወንዙንም ገደበ። በጥር 2018 ደግሞ በከባድ በረዶና በናዳ ስጋት ሐዲዱም መንገዱም ተዘግቶ ወደ 13,000 የሚጠጉ እንግዶች ዜርማት ውስጥ ተከበቡ፤ መውጣት የፈለጉት በሄሊኮፕተር ወደ ታች ወረዱ። እንዲህ ባለ ቀን መንገድ ቢኖረን ኖሮ ማለት የሰው ተፈጥሮ ነው። መንገዱ ግን ነበረ፤ እርሱም ተዘግቶ ነበር። ናዳ ሐዲድና አስፋልት አይለይም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ሐዲዱን በዋሻ ከናዳ መከለል የሚለው ሐሳብ ነው፤ መንደሪቱ ከመቶ ዓመት በላይ የመረጠችውን ገመድ ያጠብቃል እንጂ አይበጥስም።

ከክርክሩ ሁሉ በጣም የተዘነጋው ግን የታችኛው ሸለቆ ነው። ከዜርማት የወጣው መኪና ከምድር አልጠፋም። ከስታልደን፣ ከሳንክት ኒክላውስና ከራንዳ ሰው ደጃፍ ሥር አልፎ ቴሽ ይደርሳል፤ ማታ የሚመለሰውም በዚያው ነው። የላይኛው መንደር የጠራ አየር የታችኛው መንደር የመኪና ሰልፍ ነው። እርግጥ ማቆሚያው ለቴሽ እንጀራ ሆኗል፤ ሆቴልም፣ ሱቅም፣ ሥራም አምጥቷል። ቢሆንም ስለ መኪና አልባ መንደር ስናወራ መለኪያችን መንደሩ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ይጎድላል። እስከ ቪስፕ በመኪና፣ ከቪስፕ በባቡር ቢባል ሸለቆው በሙሉ ይተነፍሳል፤ ባቡሩም ከዙሪክና ከጄኔቭ በቪስፕ በኩል ይገናኛል። ለሚሄድ ሰው የምመክረውም ይኸንኑ ነው። መኪናህን ቴሽ ድረስ አታምጣው፤ ከቤትህ ተወው።

ጎህ ሳይቀድ ከቴሽ ወደ ላይ የሚሄደውን ባቡር የሚጠብቁት የዜርማት ሆቴሎች ሠራተኞች ናቸው፤ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሳህን የሚያጥቡ፣ በረዶ የሚዝቁ፣ ብዙዎቹም ከፖርቱጋል የመጡ። ዜርማት ውስጥ ቤት ተወዶባቸው ወይም አጥተው ቴሽና ከዚያ በታች ባሉ መንደሮች ተከራይተዋል። የእንግዶቹ መኪኖች በተደረደሩበት ማቆሚያ በኩል አልፈው፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ ይሳፈራሉ።