ስውር ተዋጊ ጄቶች ከራዳር ዓይን ማምለጥ ይችላሉን?

«በራዳር የማይታይ አውሮፕላን» የሚለው አገላለጽ በጦርነት ዘገባዎች ላይ በተደጋጋሚ ይሰማል። በሳይንሱ ዓይን ሲታይ ግን ፍጹም ስውር የሆነ ጄት የለም፤ ያለው ዘግይቶ የሚታይ ጄት ነው።

ድምፅ ከገደል ጋር ተጋጭቶ እንደሚመለስ ሁሉ፣ ራዳርም የሬዲዮ ሞገድ ለቅቆ ከዒላማው ነጥሮ የሚመለሰውን በመቀበል ርቀትንና አቅጣጫን ያሰላል። የስውር ጄት ንድፍ ይህን ምላሽ በሁለት መንገድ ያዳክማል። አንደኛ፣ የአካሉ ቅርጽ ሞገዱን ከራዳሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያነጥረዋል፤ ሁለተኛ፣ ልዩ ቅቡ የሞገዱን ከፊል ይመጥጣል። ቦምብና ሚሳይሉም በሆዱ ውስጥ ይደበቃል።

የዚህ ጥቅም ምን ያህል ነው? ሞገዱ ሲሄድም ሲመለስም በርቀት ስለሚዳከም፣ ከአውሮፕላኑ የሚመለሰው ምላሽ በ10 ሺህ እጥፍ ቢያንስ፣ ራዳሩ የሚያይበት ርቀት የሚያጥረው በ10 እጥፍ ነው። ተራ ጄትን በ300 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያይ ራዳር፣ ስውሩን በ30 ኪሎ ሜትር ላይ ያገኘዋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ይህ ማለት የተከላካዩ 20 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ወረደ ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ስሌት ለሁሉም ራዳር እኩል አይሠራም። የስውር ጄት ንድፍ በዋናነት የሚያተኩረው ሚሳይል በሚመሩት፣ የሞገዳቸው ርዝመት በሴንቲ ሜትር በሚለካ ራዳሮች ላይ ነው። የሞገዱ ርዝመት ወደ ሜትሮች ሲያድግና ከክንፉ ወይም ከጅራቱ መጠን ጋር ሲቀራረብ፣ የቅርጹ ጥበብ ኃይሉን ያጣል። በአንጻሩ እንዲህ ያለው ራዳር የዒላማውን ቦታ በግምት እንጂ በትክክል ስለማያመለክት፣ ብቻውን ሚሳይል ለመምራት አይበቃም።

ለዚህ አብነት የሚሆነው እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 በዩጎዝላቪያ ሰማይ ላይ የተፈጸመው ነው። በዞልታን ዳኒ የሚመራ የአየር መከላከያ ክፍል የአሜሪካን ኤፍ-117 ጄት ከቤልግሬድ በስተ ምዕራብ መትቶ ጣለ። መሣሪያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎት ላይ የዋለው የሶቪየት ኤስ-125 ሚሳይል ሲሆን፣ ጄቱን ቀድሞ የጠቆመው በሜትር ሞገድ የሚሠራው ፒ-18 ራዳር ነበር። ሚሳይል መሪው ራዳር የተከፈተው ለሰከንዶች ብቻ ነው። ምቱ የተሳካው ጄቱ እጅግ ከቀረበ በኋላ፣ በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበር። አብራሪው በጃንጥላ ወርዶ በነፍስ አድን ቡድን ተወስዷል።

ክስተቱ ስውርነት ዋጋ ቢስ መሆኑን አያስረዳም፤ በውጊያ ተመትቶ የወደቀ ሌላ ኤፍ-117 የለምና። የሚያስረዳው፣ ጥበበኛ ተከላካይ የቀረችውን አጭር ጊዜ ሊጠቀምባት እንደሚችል ነው።

የዛሬው መከላከያም በዚሁ አቅጣጫ ይጓዛል፦ የተለያየ ሞገድ ያላቸውን ራዳሮች በልዩ ልዩ ሥፍራ አስቀምጦ መረጃቸውን ማቀናጀት፣ የሞተርን ሙቀት በሚለዩ መሣሪያዎችም መደገፍ። ስለዚህ «ጄታችን አይታይም» ወይም «ራዳራችን ሁሉን ያያል» የሚል መግለጫ ሲሰማ፣ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ከምን ያህል ርቀት? በምን ያህል ትክክለኛነት? ለመተኮስስ ስንት ደቂቃ ይቀራል?