አሮጌውን የማሾ መብራት ስለ ማደስ

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ በዕድሜ ከገፉ ሰዎች ጓዳ የገባ ሰው፥ ከአሮጌው ጋን አጠገብ ወይም ከቆጡ ላይ አቧራ የለበሰ የማሾ መብራት ሊያገኝ ይችላል። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። የኤሌክትሪክ መብራት ከገባ ወዲህ ማሾው ከሥራ ወጥቶ ተቀምጧል። ከዚያም አንድ ቀን ቁራሌው በደጅ ሲያልፍ ለናሱ ሲባል በኪሎ ይሸጣል። በኪሎ የተሸጠ ማሾ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆናልና ተመልሶ አይገኝም። የሚያሳዝነው ግን፥ እንዲህ ከሚጣሉት መብራቶች ብዙዎቹ የሞቱ አለመሆናቸው ነው። የጎደላቸው ብዙ ጊዜ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆዳ፥ አለዚያም በጥላሸት የተደፈነችን አንዲት ቀዳዳ የሚያጠራ እጅ ነው።

እንዲህ ያለውን መብራት ፈትቶ፥ ጠርጎና አድሶ እንደ ገና ማብራት በልዩ ልዩ አገር ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ደስ ብሏቸው የሚሠሩት ሥራ ሆኗል። ለመንደር መምህርና ለአገር ሽማግሌም የሚስማማ ነው፤ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ይፈልጋልና። መሣሪያውም ከመፍቻና ከጉጠት ብዙ አያልፍም። ከዚህም በቀር በመጽሐፍ ብቻ የሚነገረው የአየር ግፊት፥ ሙቀትና ትነት በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲሠሩ ለተማሪዎች ይታያሉ።

ኩራዝም ፋኖስም የሚበሩት በክር ነው፤ ክሩ ላምባውን፥ ማለት ነጭ ጋዙን፥ ይመጥጠዋል፥ ጫፉም ላይ ይነዳል። ማሾ ግን እንዲህ ያለ ክር የለውም። ከታች ያለው የናስ ቋት በላምባ ይሞላል፤ ነገር ግን እስከ አፉ አይደለም፥ ሩቡ ያህል ለአየር ይተዋል። በእጅ በሚገፋው መንፊያ አየር ሲጨመርበት፥ የታመቀው አየር ላምባውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቱቦው አስቀድሞ በእሳት የጋለ ስለ ሆነ ላምባው ወዲያው ይተናል። ተኑም እጅግ ጠባብ በሆነች ቀዳዳ እየፏጨ ሲወጣ ከዙሪያው አየር ይስባል፤ ከአየሩም ጋር ተደባልቆ ከክር በተሠራው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይነዳል። ነበልባሉ ራሱ ሰማያዊና ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ዐይን የሚያጥበረብረው ነጭ ብርሃን የሚመጣው ከጋለው ከረጢት ነው። አንድ ጊዜ ከበራ በኋላ የከረጢቱ ሙቀት ቱቦውን እያጋለ ስለሚኖር ሌላ ማሞቂያ አያስፈልግም። የማሾው ብልሃት ሁሉ ይኸው ነው፤ ብልሽቱም የሚገኘው ከእነዚህ በአንዱ ነው፤ ይኸውም አየሩ አይታመቅም፥ ወይም ላምባው አይወጣም፥ ወይም ተኑ በሚገባ ከአየር ጋር አይደባለቅም።

ከረጢቱን ያስገኘው ካርል አወር ፎን ዌልስባህ የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ ነው። በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የመጀመሪያው ከረጢት ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ስለ ሆነ ሰው አልወደደውም ነበር። እርሱ ግን ምርምሩን ቀጥሎ በ1891 ከመቶ 99 እጅ የቶሪየም፥ 1 እጅ ደግሞ የሴሪየም ኦክሳይድ ያለበትን ደባልቆ ነጩን ብርሃን አገኘ። ላምባን ያለ ክር በአየር ግፊት ማንደድ ደግሞ በ1892 አካባቢ በስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት ምድጃ፥ በፕሪሙስ፥ በዓለም ታወቀ። ሁለቱን ብልሃቶች አገናኝተው ከሠሩት ውስጥ ዝነኛው በበርሊን የነበረው የኤርሪኽና የግሬትስ ፋብሪካ ነው፤ ፔትሮማክስ የሚለውም ስም ፔትሮሌዩም ከሚለው ቃልና ከባለቤቱ ከማክስ ግሬትስ ስም የተገጣጠመ ነው። በእንግሊዝ አገር ቲሊ፥ በአሜሪካ ኮልማን፥ በስዊድን ኦፕቲመስና ራዲየስ ተሠርተዋል። የጅቡቲው ባቡር በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የፋብሪካ ዕቃ ወደ መካከለኛው አገር መግባቱ ቀለለ። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት መንደር ማሾ በሰርግ ዳስና በለቅሶ ቤት የሚሰቀል የክብር መብራት ነበር፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም፥ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ሰው ከእርሻው ተመልሶ በማታ ፊደል ሊቆጥር የሚችለው በላምባ መብራት ነበር።

በቤቱ ማሾ የሌለው ሰው ያገለገለውን ሊገዛ ይችላል። አሮጌ ዕቃና ብረታ ብረት በሚሸጥበት በመርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ብሎ መፈለግ ነው። በሚገዛበት ጊዜ የውጩን ማማርና መቆሸሽ ማየት አይጠቅምም፤ አሸብርቆ የተወለወለው ብዙ ጊዜ ስንጥቁን የሸፈነ ነው። መመርመር የሚገባው ቋቱ ነው። ታቹ በጥፍር ይሞከራል፥ ዙሪያው በብርሃን ይታያል፤ የተሰነጠቀ፥ የሳሳ ወይም በቆርቆሮ ብየዳ የተጠገነ ቋት ለጌጥ እንጂ ለማብራት አይሆንም። ላምባ የነበረበትን ቋት በእሳት መበየድ ፈጽሞ አይገባም፤ ባዶ መስሎ የሚታየው ቋት ውስጡ በተን የተሞላ ነውና ይፈነዳል። ብርጭቆ ቢሰበር፥ ከረጢት ባይኖር፥ እጀታው ቢጣመም ግን ቀላል ነገር ነው።

መብራቱ ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል የነበረበት ቦታ በወረቀት ላይ ይሣላል። የጠነከረ ብሎን በኃይል አይጠመዘዝም፤ ዘይት ተቀብቶ ያድራል፥ ማግሥቱን ይላላል። በቋቱ ውስጥ ለዓመታት የቆየ ላምባ እንደ ሙጫ ይረጋልና፥ ንጹሕ ላምባ ከጥቂት ልሙጥ ጠጠር ጋር ጨምሮ እየናጡ ማጠብ ይጠቅማል፤ ጠጠሩም ተቈጥሮ ገብቶ ተቈጥሮ ይውጣ። ውጩን በሚመለከት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ባልትና የሚያውቁ ሰዎች ናስን በሎሚና በአመድ ያጠራሉ፥ መልካምም ነው፤ ዳሩ ግን ብዙው ማሾ ከናሱ በላይ ነጭ የኒኬል ልባስ አለው፥ አመድ ይህን ልባስ ይፍቀዋል። ስለዚህ ነጩ መብራት በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይታጠባል፤ ሎሚና አመድ ልባሱ ፈጽሞ ለወለቀበት ቢጫ ናስ ይቆየው።

ቀጥሎ የሚታየው መንፊያው ነው፤ አሮጌ ማሾ ከሚታመምባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህ ይበዛል። በመንፊያው ዘንግ ጫፍ እንደ ትንሽ ጽዋ የተቀረጸ ቆዳ አለ። ዘንጉ ሲገፋ የቆዳው ከንፈር ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፥ አየሩንም ወደ ፊት ይነዳል፤ ሲሳብ ደግሞ ታጥፎ አየር ያሳልፋል። ለብዙ ዓመት ያልተነካ ቆዳ ይደርቃል፥ ይኰማተራል፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ያለ አንዳች ክብደት ይመላለሳል፥ አየርም አይገባም። ብዙ ሰው መብራቱ ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ቆዳውን አውልቆ ዘይት ውስጥ ማሳደር፥ በጣት እያሹ ከንፈሩን ወደ ውጭ መክፈት ነው። ዘይቱ የኑግ ወይም የተልባ መሆን የለበትም፤ እነዚህ አየር ሲነካቸው እየደረቁ ይጣበቃሉና በጥቂት ወር ውስጥ ቆዳውን ከናሱ ጋር ያያይዙታል። የጉሎ ዘይት ወይም የመኪና ዘይት ይሻላል። ጉሎ ቆዳ እንደሚያለሰልስ ፋቂዎች ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ቆዳው የተቀደደ እንደ ሆነ ከአሮጌ ጫማ ስስ ቆዳ በክብ ይቆረጣል፥ በውሃ ይነከራል፥ ከመንፊያው ስፋት ጥቂት በሚያንስ እንጨት ጫፍ ላይ ተደርጎ ዙሪያው በክር ይታሰራል፤ ሲደርቅ የጽዋውን ቅርጽ እንደ ያዘ ይቀራል፥ ከዚያ በዘይት ይታሻል። በሱቅ ከሚሸጠው የማያንስ ይሆናል።

ዘንጉ ተገፍቶ ሲለቀቅ በራሱ ወደ ላይ የሚመለስ፥ ወይም ላምባ በመንፊያው በኩል የሚወጣ ከሆነ፥ ጥፋቱ የቆዳው አይደለም፤ በመንፊያው ሥር አየርን ወደ ውስጥ አስገብቶ እንዳይመለስ የሚዘጋው ትንሽ መዝጊያ ነው። በውስጡ ያለችው የላስቲክ ወይም የቡሽ ቁራጭ ስትደርቅ አትዘጋም። ከመኪና ጎማ ውስጥ ላስቲክ ቆርጦ መተካት ለጥቂት ቀን የሚሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ላስቲኩ ላምባ ሲነካው ያብጣል፥ ይለሰልሳል። ነዳጅ የሚችለውን፥ ለመኪና ነዳጅ ክፍሎች የተሠራውን ዐይነት መፈለግ ይገባል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ላምባ ሳይጨመር አየር ብቻ ተነፍቶ ቋቱ በውሃ በተሞላ ገበቴ ውስጥ ይነከራል። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ካለ መብራቱ ገና አልተጠገነም።

ተኑ የሚወጣባት ቀዳዳ ከፀጉር ብዙ የማትሰፋ ናትና በወፍራም መርፌ መጐርጐር አይገባም፤ ጥቂት እንኳ የሰፋች እንደ ሆነ መብራቱ እየጨሰ ይቀራል። ለዚሁ ተብላ በውስጡ የተሠራችው ቀጭን መርፌ፥ መክፈቻውን ሲያዞሩ ብቅ እያለች ታጠራታለች። መርፌዋ የተቆለመመች ከሆነች ትለወጣለች። በቱቦው ውስጥ የተጋገረውን ጥላሸት ለማውጣት፥ ቱቦው ከቋቱ ተለይቶ በእሳት ይግላል፥ ከቀዘቀዘም በኋላ እየነፉ ያራግፉታል።

አዲሱ ከረጢት በቦታው ታስሮ አስቀድሞ በባዶው ይቃጠላል፤ ክሩ ነዶ የሚቀረው ነጭ የአመድ መረብ ነው፥ እርሱም ነው የሚያበራው። ከዚያ ወዲያ ጣት ቢነካው ይፈርሳልና ሁለት ሦስት መለዋወጫ መያዝ ብልህነት ነው። የቀድሞዎቹ ከረጢቶች ያለባቸው ቶሪየም ጥቂት የጨረር ባሕርይ አለው፤ ስለዚህ የተሰባበረው አመድ አይታሽም፥ አቧራው ወደ አፍንጫ አይሳብም፥ እጅም ይታጠባል። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት በቶሪየም ፋንታ ይትሪየም ያለባቸው ናቸው።

ላምባውን በሚመለከት ቸልታ ሕይወት ያጠፋል። ቤንዚን በቤት ሙቀት ብቻ ይተናል፤ በላምባ ማሾ ውስጥ ቢገባ፥ ወይም ነጋዴው በላምባው ላይ ጥቂት ቢቀላቅልበት፥ በግፊት የታመቀው ተን በየመጋጠሚያው ሾልኮ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። አንዳንድ የኮልማን መብራቶች ለቤንዚን የተሠሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ለላምባ ለተሠራው ምክንያት አይሆነውም። ፈሳሹ የተጠረጠረ እንደ ሆነ ጠብታ በወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ ቤንዚን ፈጥኖ ደርቆ ይጠፋል፥ ላምባ ግን ቅባቱ ለብዙ ጊዜ ይታያል። ጥቂት ቅልቅል በዚህ ሊታወቅ አይችልምና ከታወቀ ማደያ መግዛት ይሻላል።

የመጀመሪያው ማብራት ከቤት ውጭ፥ ከሣርና ከድርቆሽ ርቆ ይደረጋል፤ ድርቆሽ የሚከመርባት ሱሉልታ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪዎች ርቀው ይቁሙ፤ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብ ይኑር። ከከረጢቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጽዋ አልኮል ተጨምሮ ይለኰሳል፤ ሊያልቅ ሲቃረብ መንፊያው ይነፋል፥ መክፈቻውም ይዞራል። በቂ ሙቀት ሳያገኝ የተከፈተ እንደ ሆነ ላምባው ሳይተን ይወጣና ቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ይንቀለቀላል። ያን ጊዜ አለመደንገጥ፥ የአየር ማውጫውን ብሎን ማላላት ነው፤ ግፊቱ ሲወጣ እሳቱ ይወድቃል። ብርድ በሚበረታበት ማታ አንድ ጽዋ አልኮል አይበቃም፥ ሁለተኛ ይጨመራል።

ሌላም የአገሩ ጠባይ አለ። እነዚህ መብራቶች የተሠሩት እንደ በርሊን ባለ ዝቅተኛ አገር ነው። ሦስቱ ከተሞች ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይም የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ተኑ የሚስበው አየር ይሳሳል፤ በሚገባ የታደሰ መብራት እንኳ ወደ ቢጫነት ሊያዘነብልና ከረጢቱን በጥላሸት ሊያጠቁረው ይችላል። ይህ ብልሽት ሳይሆን አለመስማማት ነው። በቀዳዳዋና አየር በሚቀበለው ቱቦ መካከል ያለው ክፍተት፥ መብራቱ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየተለወጠ፥ ብርሃኑ ነጭ፥ ድምፁም አንድ ወጥ እስኪሆን ይሞከራል። አንዳንዱ ማሾ ይህን ሙከራ ሁለት ሦስት ማታ ይፈልጋል።

በቤት ውስጥ ሲበራ መስኮት ወይም በር ጥቂት ይከፈታል፤ እንደ ከሰል ጭስ ሁሉ የማይታየው መርዘኛ አየር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይከማቻልና። ሲጠፋ የአየር ማውጫው ይላላል፤ የሚወጣው አየር የላምባ ተን ያለበት ስለ ሆነ ሻማም ሆነ ምድጃ አጠገብ አይሁን። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ማሾ ላምባው ይገለበጥለታል፥ ብሎኑ ሳይጠብቅ ይተዋል። የመንፊያው ቆዳም በዓመት አንድ ጊዜ፥ ክረምት ሳይገባ፥ በጉሎ ዘይት ይታሻል።