የዱባ አበባ ለምን ይረግፋል?

በጓሯቸው ዱባ የሚዘሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሐረጉ አጥሩን ያለብሳል፤ በቢጫ አበባም ይሞላል። አበባው ፍሬ ሳይዝ ሲረግፍ ግን «ይህስ መካን ነው» ተብሎ ከነሥሩ የሚነቀልበት ጊዜ አለ። ሐረጉ ግን ጥፋት የለበትም።

ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚፈኩት ወንዶቹ ናቸው፤ እነርሱ ፍሬ ስለማይሰጡ መርገፋቸው ተፈጥሯዊ ነው። ሴቷ ዘግየት ብላ ትመጣለች። ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት ስላላት በቀላሉ ትለያለች። የወንዱን ብናኝ የሚያደርስላት በተለይ ንብ ነው። ንብ በማይበዛበት ጓሮ ወይም ጠዋት ጠዋት ዝናብ ሲበረታ እብጠቷ ቢጫ ሆና ትወድቃለች።

በዚህ ጊዜ ሥራው የእኛ ይሆናል። አበባው ማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይከደናል። ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ በዕለቱ የፈካ ወንድ አበባ እንቀጥፋለን። ዙሪያውን ያለውን ቢጫ ቅጠል ገፈን፣ መሐሉ ላይ ያለውን ዱቄት በሴቷ አበባ እምብርት ላይ ቀስ አድርገን እናሻለን። ልጆቻችንንም ብናሠራቸው በክፍል የተማሩትን በዓይናቸው ያያሉ።

ቦታ ለጠበበን አንድ ጉድጓድ ይበቃል። ስፋቱን 50፣ ጥልቀቱን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረን በደንብ የበሰበሰ ፍግና አፈር እንሞላዋለን። 3 ወይም 4 ዘር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረን፣ ሲበቅሉ ጠንካራውን ብቻ እናስቀራለን። ሐረጉን ወደ አጥሩ እንመራዋለን። ውኃውን ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አናፈስም። መሬት ለነካ ፍሬ ጭድ እናነጥፍለታለን፤ አለበለዚያ ይበሰብሳል።

ልጣጩ በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳና ጭራው የደረቀ ዱባ ደርሷል። ጭራውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተን ከቆረጥነው በደረቅና ነፋሻ ቦታ ለወራት ይቆያል። ብርቱካንማው ሥጋው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም በተለይ ለሕፃናት ዓይን ይጠቅማል። ዘሩንም ቆልቶ መብላት ይቻላል።

አነስ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከምግብ መካከል ዱባእን እየፈለጉ ሲመገቡ ማየታቸውን አስተላልፈዋል። ያ ዱባእ የቅል ዓይነት ነው፤ የእኛ ዱባ ደግሞ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ዘመዱ ነው።

የተቆረጠ ዱባ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ትልቁን ዱባ በከፈትን ቀን ግማሹ የጎረቤት ይሁን። አላህ በረካውን ያብዛልን።