የተበሳው ጊታር ወዴት ይሂድ?

በቤት ውስጥ የሚሰበር ዕቃ ብዙ ነው። ጀበና ይሰበራል፣ ስኒ ይሰነጠቃል፣ የረከቦት እግር ይነቀላል። ለእነዚህ ሁሉ እያንዳንዷ እመቤት የራሷ ዘዴ አላት። ጊታር ሲበሳ ግን ቤተሰቡ ግራ ይጋባል። ዕቃው ዋጋው ከፍ ያለ፣ ውስጡ የማይታይ፣ ባለሙያውም ሩቅ በመሆኑ ዕጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋ ሥር መግባት ነው። የጊታሩ ባለቤት ልጅ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ከዕቃነት ያልፋል። «ማን ሰበረው?» የሚለው ጥያቄ «እንዴት ይጠገን?» ከሚለው ይቀድምና ቤቱ ይታመሳል፤ የሰበረው ታናሽ ወንድም ይደበቃል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ አባትም «ድሮስ ጊታር ለምን አስፈለገ?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ብዙ ልጃገረዶች ሙዚቃን የተዉት በእንዲህ ያለ አንድ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ሆሞሻን ለአብነት እንውሰድ። ሆሞሻ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከአሶሳ ከተማ በስተሰሜን የምትገኝ ወረዳ ናት። አሶሳ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የተበሳ ጊታር ተሸክሞ ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው አይኖርም፤ ቢሄድም የመጓጓዣው ወጪ ከጊታሩ ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ስለዚህ ጥገናው እዚያው፣ በቤት ውስጥ ወይም በሰፈሩ አናጢ ዘንድ መሠራት ይኖርበታል።

ደግሞም ባዶ ሆድ ያለው ዕቃ እንዴት እንደሚጮኽ ለዚያ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የበርታ ብሔረሰብ ዋዛ የተባለው ረጅም መለከት እየተቆረጠ እርስ በርሱ ከተሰካካ ቅል የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ብዙ ሆነው ሲቀባበሉት ዜማ ይሆናል። ቅሉ ከተሰነጠቀ ነፋሱ በስንጥቁ ስለሚያመልጥ መለከቱ ድምፁን ያጣል፤ የአንዱ መጥፋትም የሁሉንም ዜማ ያጎድላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ መጥተው በአሶሳ አካባቢ የሰፈሩት ቤተሰቦች ደግሞ የትዝታንና የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን ቅኝት ያውቃሉ። እነዚህን ቅኝቶች ዛሬ ወጣቶች በክራርም በጊታርም ይጫወቷቸዋል።

የገጠር እናቶች የተሰነጠቀ ቅል ሲገጥማቸው አይጥሉትም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ በወስፌ እየበሱ በክር ይሰፉታል። ጊታር በክር አይሰፋም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ስንጥቁ እንዳይሄድ መያዝ፣ ከንፈርና ከንፈሩን ማገናኘት፣ ከዚያም ድምፁን እንዳያፍን ጥገናውን ቀላል ማድረግ ነው። የክራር ነገር ከዚህ ይለያል። የክራር ፊት ቆዳ ስለሆነ ሲቀደድ ቆዳው በሞላ ይለወጣል እንጂ አይጣፍም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጊታሩ እንደተበሳ መጀመሪያ የሚደረገው ክሮቹን ማላላት ነው። ስድስት የብረት ክሮች በልክ ሲቃኙ በጠቅላላው ከ70 ኪሎ ግራም በሚበልጥ ኃይል ይስባሉ። ይህም አንድ ጎልማሳ ሰው ከጊታሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚውል ያህል ነው። የናይለን ክር ያለው ጊታር ሸክሙ አነስ ቢልም ወደ 40 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚችለው ፊት ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የተበሳን ፊት በተወጠረ ክር ማሳደር ማለት የጣት ስፋት የነበረው ቀዳዳ ሲነጋ እስከ ወገቡ የሚሄድ ስንጥቅ ሆኖ እንዲገኝ መፍቀድ ነው።

ቀጥሎ ስንጥሮቹን ልቀሙ። ከወለሉ ላይ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከጊታሩ ሆድ ውስጥም ጭምር። ጊታሩን በአፉ ደፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትነቀንቁት የገባው ይወጣል። የጥፍር ቁራጭ የምታህለዋን እንኳ ሳትንቁ በፖስታ ውስጥ አኑሯት። ከሱቅ የሚገዛ ማንኛውም እንጨት የራሱን ስንጥር ያህል ቦታውን አይገጥምም፣ ቀለሙም አይመስልም። ቤት ጠራጊዋ ሳታውቅ ቆሻሻ ውስጥ ከጨመረችው ግን ወዮ ነው።

ማታ መብራት አጥፍታችሁ ትንሽ የእጅ ባትሪ በጊታሩ ሆድ ውስጥ አኑሩ። በዓይን ያልታየ ስንጥቅ ሁሉ እንደ ጭላንጭል ያበራል። በእጅ መስተዋት ደግሞ ውስጡን ተመልከቱ። ፊቱንና ጀርባውን ከውስጥ የያዙ ቀጫጭን እንጨቶች አሉ፤ የቤት ማገር በሏቸው። ማገሮቹ ደኅና ከሆኑ ቀዳዳው በቤት ይጠገናል። ማገር ከተሰበረ ወይም ክሮቹ የታሰሩበት ድልድይ ከሥሩ መነሣት ከጀመረ ግን ነገሩ የባለሙያ ነውና እጃችሁን ሰብስቡ።

የድምፁን ቀዳዳ ከንፈርም መርምሩ። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ከወረደ ፊቱ ድፍን እንጨት ነው። እንደ ዳቦ ተደራርቦ ከታየ ኮምፔርሳቶ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ኮምፔርሳቶ ናቸው፤ ይህም ለጥገናው ይቀላል እንጂ አይከብድም።

ስንጥሮቹ ሁሉ ካሉ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ወደ ውስጥ የጎበጠውን ከውስጥ በጣት እየገፋችሁ ወደ ቦታው መልሱ፤ ያለ ኮላ ሁለት ሦስት ጊዜ ገጥማችሁ ሞክሩ። ከዚያ ነጩን የእንጨት ኮላ በቀጭን ስንጥር እየነካችሁ ቀቡ። የተረፈው ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሱፐር ግሉ የሚባለውን ፈጣን ማጣበቂያ አትንኩ። ፈስሶ ቬርኒሹን ያበላሻል፣ ሲደርቅም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ኢፖክሲም ቢሆን አንዴ ከያዘ ነገ ሌላ ባለሙያ ሊያስተካክል ቢፈልግ አይለቅለትም።

ከውስጥ በኩል መደገፊያ ያስፈልጋል። ይህም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቀላል የእንጨት ቁራጭ ነው፤ ዝግባ ቢሆን መልካም ነው። መስመሩ የፊቱን መስመር አቋርጦ እንዲያልፍ ተደርጎ ይለጠፋል፤ ጠርዞቹም በብርጭቆ ወረቀት ሳስተው ይለቃሉ። መስመሩ ከፊቱ ጋር ትይዩ ከሆነ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ስለሚሰነጠቁ ድጋፍ አይሆንም። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ጊታሩ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስል ድምፁ ይታፈናል።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ብልጫ የሚታየው። የጊታር የድምፅ ቀዳዳ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በናይለን ክር ጊታር እንዲያውም ይጠባል። መዶሻና መጋዝ ያዳበረው የአናጢ እጅ በዚያ አይገባም፤ ቢገባም አይታጠፍም። የልጃገረድ እጅ ግን እስከ ክንድ ይገባል። አናጢው ቁራጩን ይላገው፣ የሚለጥፈው ግን የልጅቷ እጅ ይሁን። የገዛ ጊታሯን ከውስጥ በጣቷ የዳሰሰች ልጅ ዕቃውን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ታየዋለች። የሰበረው ወንድሟም ባትሪውን ይያዝላት፤ ከኩርኩም ይህ ይሻላል።

ኮላው እስኪይዝ ድረስ ግፊት ያስፈልገዋል። ጊታር ጠጋኞች በማግኔት ይጠቀማሉ፤ አንዱን ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ በማድረግ። በቤታችሁ ከተበላሸ ሬድዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ካለ ሁለት ፈልጉ፤ ፊቱን እንዳይቧጭር ሥሩ ጨርቅ፣ ኮላው እንዳይዘው ደግሞ የፌስታል ቁራጭ ይነጠፍ። ጣታችሁን ግን ጠብቁ፤ እነዚህ ማግኔቶች ሲገናኙ ይቆነጥጣሉ። ማግኔት ከሌለ ሆሞሻ የቀርከሃ አገር ነው። የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ሊባል የቀረበ ስለሆነ ስንጥሩ እንደ ቀስት ይተጣጠፋል። ከጊታሩ ጥልቀት ትንሽ የሚረዝም ቀጭን ስንጥር ጎበጥ አድርጋችሁ በጀርባውና በመደገፊያው መካከል ብታቆሙት ራሱ ሊቃና ሲል ይገፋል። በጀርባው በኩል የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ጣውላ አኑሩ፤ አለበለዚያ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኑ ሌላ ትከፍታላችሁ።

ስንጥሩ ጠፍቶ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ከቀረስ? የተቦጫጨቀውን ጠርዝ በምላጭ አስተካክሉና ቅርጹን እንደ እንቁላል ወይም እንደ ቅጠል ሞላላ አድርጉት። ማዕዘን ያለው ቀዳዳ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በዙሪያው አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ሳሳ ያለ መደገፊያ ከውስጥ ለጥፉ። እሱ ሲደርቅ ወረቀት ቀዳዳው ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ ጎን በማሸት ቅርጹን ቅዱ፣ በዚያም ልክ መሙያ ቁረጡ። የመሙያው መስመር ከፊቱ መስመር ጋር አንድ አቅጣጫ ይያዝ። ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በ400 ቁጥር አልሱት፤ ዙሪያው እንዳይፋቅ አስቀድማችሁ ፕላስተር ለጥፉበት። በስሱ ቬርኒሽ ከተቀባ በኋላ ጠባሳው ይታያል። ይታይ፤ እኔ በበኩሌ ጠባሳውን ለመደበቅ ሲባል ሙሉ ፊቱን ቀለም መቀባትን አልደግፍም፤ ወፍራም ቀለም ድምፁን ይጫነዋል።

ለአናጢ የምትሰጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። አናጢው ብልኅ ቢሆንም ልምዱ በርና መስኮት ነው፤ ለእሱ ጠንካራ ማለት ወፍራም ማለት ነው። ምስማር እንዳይመታ፣ ስቱኮ እንዳይሞላ፣ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ከላይ እንዳይለጥፍ ለምኑት። ስቱኮ ከሚርገበገብ ፊት ላይ ውሎ አድሮ ይፈረካከሳል። ለጥቃቅን ክፍተቶች የዚያኑ እንጨት ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መጠቀም ይበቃል።

ቀዳዳው ከጎኑ ወይም ከጀርባው ከሆነ ብዙ አትደንግጡ። ድምፁን በይበልጥ የሚያወጣው ፊቱ ነው። አንዳንድ ጊታር ሠሪዎች ተጫዋቹ ራሱን በደንብ እንዲሰማ ብለው በጎኑ ላይ ሆን ብለው ቀዳዳ ያበጃሉ። ተጨማሪ ቀዳዳ ወፍራሙን ድምፅ በትንሹ ሊያሳሳው ይችላል፤ ስንጥቁ እንዳይሄድ ብቻ ከውስጥ ይደገፍ።

ቀዳዳው ሳይደፈን የሚኖር ጊታርም አለ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የገዛው፣ «ትሪገር» ብሎ የሚጠራው የማርቲን ጊታር ለጣት የተሠራ የናይለን ክር ጊታር ነው። እሱ ግን በመምቻ ሲመታው ስለኖረ ፊቱ ተበልቶ በድልድዩና በድምፁ ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ትልቅ ቀዳዳ ወጣለት። ጊታሩን ለረጅም ዘመን የሚንከባከበው የቴክሳሱ ጊታር ሠሪ ማርክ ኤርልዋይን ውስጡን እያጠናከረ ቀዳዳውን እንዳለ አቆይቶታል። ዘፋኙ ሌላ ጊታር መግዛት አቅቶት አልነበረም።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልጨምር። በበጋው ሙቀት እንጨት ይደርቃልና ይከፈታል፣ በክረምቱ እርጥበት ያብጣል። በመጋቢት የታየ ስስ ስንጥቅ በሐምሌ ሊገጥም ይችላል፤ ገጠመ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። በበጋ የተከፈተን ስንጥቅ በግድ ከመጫን ይልቅ ቀዳዳ ባለው የሳሙና መያዣ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጋችሁ፣ እንጨቱን ሳይነካ በሆዱ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆዩት። ከንፈሮቹ ሲቀራረቡ ያን ጊዜ ኮላ ይቀባል። ጊታሩን በፀሐይ ማድረቅ፣ ከምድጃ አጠገብ መስቀልና በቆመ መኪና ውስጥ መተው ግን የድሮውን ኮላ ሁሉ ያላላል።

ልጃገረድና ክር ያለው መሣሪያ አይገናኙም ለሚል አባትም መልስ አለ። አስናቀች ወርቁን የክራር እመቤት ያደረጋት ይኸው ክር ነው። በመድረክ ተዋናይነቷም ሆነ በክራሯ ስሟ ሲነሣ ይኖራል።

ኮላው ከተቀባ በኋላ ግፊቱ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አይነካ፣ ክር ለመወጠርም ሙሉ 24 ሰዓት ይጠበቅ። በመጀመሪያው ቀን ክሮቹን እስከ ግማሽ ብቻ ወጥራችሁ አሳድሯቸው። በማግስቱ የተጠገነውን ቦታ በጣት አንጓ ቀስ ብላችሁ አንኳኩና ከሌላው የፊቱ ክፍል ጋር አነጻጽሩ። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ልጅቷ ሙሉ በሙሉ ትቃኘው። የሚንጫጫ ነገር ከተሰማ ግን ያልያዘ ጠርዝ አለና ክሩን መልሳችሁ አላሉት፣ ባትሪውንም እንደገና ወደ ውስጥ አስገቡ።