ከአሮጌ ዕቃ የሚገጣጠም የቤት ውስጥ መጠጥ ማውጫና የሚያስከትለው መመረዝ

አንድ ሕመምተኛ መጠጥ እንደሚጠጣ ሲናገር የጤና ባለሙያው ቀጣይ ጥያቄ ዘወትር «ምን ያህል?» የሚል ነው። መልሱ በካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ የሆዱ ቁርጠት፣ የእጁ መዛል፣ የደሙ ማነስ ሁሉ በዚያው መልስ ይተረጎማል። «በምን ዕቃ የወጣ መጠጥ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ከስንት አንዴ ቢነሣ ነው። ሆኖም በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ መጠጥ ጉዳት ከአልኮሉ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ድፍድፉ የተብላላበት በርሜል፣ እንፋሎቱ ያለፈበት ቱቦ፣ ቱቦው የተያያዘበት ስታኞ የየራሳቸውን ድርሻ ወደ መለኪያው ይጨምራሉ።

የዕቃው አመጣጥ

በቀድሞው ልማድ ጠላ በሸክላ ጋን ይጠመቅ፣ አረቄም በሸክላ ማሰሮ ላይ በተገጠመ ሸምበቆ ይወጣ ነበር። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ መጋጠሚያው በሊጥ ወይም በጭቃ ይለሰናል። ይህ አሠራር የራሱ ድክመት ቢኖረውም ከብረት መመረዝ አንጻር ሲታይ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነበር። ሸክላ ግን ይሰበራል፤ የሚይዘውም ጥቂት ነው። መጠጡን ለገበያ የምታወጣ ሴት ብዙ ድፍድፍ በአንድ ጊዜ የሚችልና ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ትሻለች። አዲስ የማይዝግ ብረት ለመግዛት አቅሟ ስለማይፈቅድ ያገለገለ በርሜል፣ ከቁራሌ የተገኘ ቱቦና አሮጌ ጀሪካን ታሰባስባለች። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከተጣለ ብረት ምድጃና ባልዲ የሚቀጠቅጡ እጆች እንዳሉ ሁሉ፣ በየከተማው ለአረቄ አውጪዋ ክዳን የሚበይድ፣ ቱቦ የሚያጣምም ባለሙያ አይጠፋም።

ይህ ብልሃት የሚናቅ አይደለም። በአገራችን አረቄ ማውጣትና ጠላ መጥመቅ ብዙ ሴቶች ቤት የሚያስተዳድሩበትና ልጆች የሚያስተምሩበት ሥራ ነው። ችግሩ ብረትን ከብረት፣ ቱቦን ከቱቦ ለይቶ የሚነግራቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ሻጩም ቢሆን ዕቃው ቀድሞ ምን እንደያዘ አያውቅም፤ ቢያውቅም አይናገርም።

አረቄ በቱቦው፣ ጠላ በበርሜሉ

የጤና ባለሙያው ሊይዘው የሚገባ አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ጠላና ጠጅ አይነጠሩም፤ ስለዚህ ዕቃው የለቀቀው ማንኛውም ነገር በመጠጡ ውስጥ ይቀራል። አረቄ ግን በእንፋሎት የሚወጣ ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ብረቶች በዚህ ሙቀት አይተንኑም። በመሆኑም በማፍያው በርሜል ውስጥ የሟሟ እርሳስ ወይም ብረት በአብዛኛው ከአተላው ጋር ይቀራል። እንፋሎቱ ከማፍያው ከወጣ በኋላ የሚነካው ነገር ግን፣ ማለትም ክዳኑ፣ ቱቦው፣ ማቀዝቀዣውና መቀበያው፣ የሚለቀው ሁሉ በቀጥታ ወደ ጠጪው ይደርሳል። ጠላ ለጠጣ ሰው ስለ በርሜሉ፣ አረቄ ለጠጣ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ስለ ቱቦው መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ቱቦው ከእርሳስ ከተሠራ ወይም በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ፣ ማለትም በተለመደው ስታኞ፣ ከተያያዘ ጉዳቱ ይጀምራል። ከድፍድፉ አልኮል ብቻ ሳይሆን አሴቲክ አሲድም አብሮ ይተናል፤ ይህም ለሆምጣጤ ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው አሲድ ነው። ሞቃት አሲድ በስታኞው ላይ ሲያልፍ እርሳሱን ወደ ሊድ አሴቴት ይለውጠዋል። ሊድ አሴቴት በቀላሉ በውኃ የሚሟሟ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ የሆነ ጨው ነው። ስለዚህ ጠጪው በምላሱ ሊለየው አይችልም። አረቄውን በእሳት መለኮስም የአልኮሉን ብርታት እንጂ የእርሳሱን መኖር አያመለክትም።

ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1723 የማሳቹሴትስ ግዛት ሸንጎ ሮም የተባለውን መጠጥ በእርሳስ ክዳንና በእርሳስ ቱቦ ማውጣትን በሕግ ከልክሏል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በዴቨን አውራጃ የአፕል መጠጥ የሚጠጡ ሰዎችን ያሠቃይ የነበረው ብርቱ የሆድ ቁርጠት ምክንያቱ በመጭመቂያው ውስጥ ያለው እርሳስ መሆኑን ሐኪሙ ጆርጅ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1767 አሳየ። የመጭመቂያው ባለቤቶች ይህን በደስታ አልተቀበሉትም፤ ዕቃቸው ተወቅሷልና። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በደቡባዊ አሜሪካ በድብቅ መጠጥ የሚያወጡ ሰዎች የመኪና ራዲያተርን እንደ ማቀዝቀዣ ተጠቀሙ። የቀድሞው ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ ተሠርቶ በስታኞ የተያያዘ በመሆኑ ሙቀትን በፍጥነት ያበርዳል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ የመጋጠሚያው ብዛት ግን የመርዙ ብዛት ሆነ። ለአብነት ያህል እ.ኤ.አ. በ1990 እና 1991 በአላባማ ግዛት ከእንዲህ ዓይነቱ መጠጥ ጋር የተያያዘ የእርሳስ መመረዝ በጤና መሥሪያ ቤቶች ተመዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ ውጤት ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ቁልፍ ነው። ከተለያዩ ሕገ ወጥ ማውጫዎች ከተወሰዱ 48 የመጠጥ ናሙናዎች በ43ቱ እርሳስ ተገኝቷል፤ በ29ኙ ደግሞ መጠኑ ለመጠጥ ውኃ ወሰን ከተደረገው 15 ማይክሮግራም በሊትር ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ብዙ ሰው የሚፈራው ሜታኖል የተገኘው ግን በአንድ ናሙና ብቻ ነው፤ መጠኑም ከመቶ 0.11 ነበር። ይህ ሜታኖልን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ከእህል የሚወጣ መጠጥ በባሕርዩ የሚይዘው ሜታኖል ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገድለው አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ሜታኖል ወደ መጠጡ ሲደባለቅ ነው። ከጠጡ በኋላ ለግማሽ ቀን ወይም ለአንድ ቀን ያህል ዘግይቶ የሚጀምር የእይታ መደብዘዝና ፈጣን አተነፋፈስ ሲታይ ሜታኖልን ማሰብ ግድ ነው፤ ሪፈር ለመጻፍም ሰዓት የሚጠበቅበት አይደለም። እርሳስ ግን በጩኸት አይመጣም፤ ለወራትና ለዓመታት ይከማቻል።

ምርመራውን የሚያሳስተው

እንበል አንድ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው በተደጋጋሚ በሚመጣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ወደ ጤና ጣቢያ መጣ። ሆዱ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ድርቀት አለው፤ ፊቱ ነጥቷል፤ አረቄ በየቀኑ ይጠጣል። የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ቀጥሎ ለአሜባ፣ ቀጥሎ ለትል ይታከማል። ሁሉም ሳይሠራ ሲቀር «መጠጡን ተው» ተብሎ ይሸኛል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ምርመራው ግን አልተሟላም። ከአንድ ማውጫ የሚጠጡ ጎረቤቶቹ ተመሳሳይ ቁርጠት እንዳለባቸው የጠየቀው የለም።

የእርሳስ መመረዝ በጠጪ ላይ ሲደርስ ራሱን ከአልኮል ጉዳት ጋር ያመሳስላል። ልዩነቶች ግን አሉ። በአልኮል ምክንያት የሚመጣው የነርቭ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከእግር ጣቶች በመደንዘዝና በማቃጠል ይጀምራል፤ የእርሳሱ ደግሞ እንቅስቃሴን ይዞ የእጅ አንጓን ያዝላል፣ ታማሚውም መዳፉን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ያቅተዋል። የድድ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ጥቁር መስመር መታየቱ ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ አለመታየቱ ግን አያስቀርም። እርሳስ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዳያስወግድ ስለሚያውክ ሪህ ያመጣል፤ በተለይ የወር አበባዋ ባልተቋረጠ ሴት ላይ ሪህ ሲገኝ ምክንያቱን ራቅ አድርጎ መፈለግ ይገባል። የደም ግፊትና የኩላሊት ድክመትም ይከተላሉ።

በደም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ነገር ግን ለወባ ምርመራ የሚዘጋጀው ስስ የደም ቅብ በእጅ ያለ መሣሪያ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው የወባ ተውሳክ አጥቶ «ኔጋቲቭ» ብሎ ከመጻፉ በፊት በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የተበተኑ ሰማያዊ ነጠብጣቦች መኖራቸውን ቢመለከት ፍንጭ ሊያገኝ ይችላል። ነጠብጣቦቹ በሌሎች የደም ማነስ ዓይነቶችም ስለሚታዩ ብቻቸውን አያረጋግጡም፤ ከታሪኩ ጋር ሲጣመሩ ግን ሕመምተኛውን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ለመላክ በቂ ምክንያት ናቸው።

የሕክምናው የመጀመሪያ ደረጃ ምንጩን ማቋረጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መጠኑ በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። እርሳስን ከሰውነት የሚያወጡ መድኃኒቶች ለከባድ መመረዝ የሚሰጡ ናቸው፤ ሕመምተኛው ወደዚያው ቱቦ የሚመለስ ከሆነ ጥቅማቸው ይመክናል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አይዘለልም፤ ለዚህ ሕክምና የሚውለው ካልሲየም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ እንጂ ካልሲየም የሌለው ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ አይደለም። ሁለተኛው የደም ካልሲየምን በድንገት አውርዶ ሰው ገድሏል።

አረቄ አውጪዋ ራሷ መጠጡን ቀምሳ የምትሸጥ፣ በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ልትሆን ትችላለች። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ወደ ደም ይመለሳል፤ የእንግዴ ልጅንም ያልፋል። የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ሥራዋን መጠየቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በርሜሉና የቀድሞ ይዞታው

ስለ ብረት በርሜል ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከደቡባዊ አፍሪካ ነው። ስትራካን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1929 በዚያ ያገኘውና በኋላ በሰፊው የተጠናው የጉበት የብረት ክምችት፣ በቤት የሚጠመቅ ጠላ መሰል መጠጥ በብረት በርሜልና ድስት ከመዘጋጀቱ ጋር የተያያዘ ነው። አሲዳማው ድፍድፍ ብረቱን ያሟሟል፤ ጠጪው በየቀኑ ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ ብረት ይወስዳል፤ በመጨረሻም የጉበት ጠባሳና የስኳር በሽታ ይከተላሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የዘር ተጋላጭነትም ድርሻ እንዳለው አመልክተዋል። የጉበት በሽታ ያለበትን ጠጪ በአልኮል ወይም በቫይረስ ብቻ ከመፈረጅ በፊት ስለ መጥመቂያው መጠየቅ ተገቢ ነው። ዚንክ የተቀባ ባልዲና በርሜል ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ አሲዱ ዚንኩን አሟሙቶ ጠጪዎቹን ወዲያው ያስመልሳል። በድግስ ላይ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያስመልስ ጥርጣሬው ወደ ምግቡ ያዘነብላል፤ ጠላው የተቀመጠበት ዕቃም መታየት አለበት።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል ጀሪካን ነው። ፕላስቲኩ መርዙን ይመጥጣል፤ በሙቅ ውኃና በግራዋ ቢታጠብም፣ ሽታው ቢጠፋም ለምግብ አይሆንም። ጠላ ከጠጣ በኋላ ላብና ለሃጭ የሚያዘንብ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ ሰው ሲመጣ ስካር ብሎ ማስተኛት ሕይወት ያስከፍላል፤ አትሮፒን ሊዘጋጅ ይገባል። ነዳጅ የነበረበት በርሜልም በሁለት መንገድ ይጎዳል። የነዳጁ ተን ከአረቄው ጋር አብሮ ይነጥራል፤ ከዚያም በፊት ባዶ የሚመስለው በርሜል በእሳት ሲቆረጥ ወይም ሲበየድ በውስጡ በቀረው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል። በቃጠሎ የመጣው በያጅ የዚህ ታሪክ አካል ነው።

ለአውጪዋ የሚሰጠው ምክር

አውጪዋን መገሠጽ ዕቃውን ከማስደበቅ ያለፈ ውጤት የለውም። ያለ ብዙ ወጪ ሊለወጥ የሚችለውን ነጥሎ ማሳየት ይሻላል። ገንዘቧ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ በርሜሉን ትታ ቱቦውን ትለውጥ። ሸምበቆ፣ ያልተበየደ የማይዝግ ብረት ቱቦ ወይም ስታኞ ያልነካው አንድ ወጥ መዳብ ይሆናል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሲያወጣ በሆምጣጤ ታጥቦ በውኃ ይለቀለቃል። ራዲያተር፣ የማቀዝቀዣ ቱቦና የጎማ ቱቦ አይሆኑም። መጋጠሚያው እንደ ጥንቱ በሊጥ ይለሰን፤ ሊጥ መርዝ የለውም፣ ቱቦው ቢደፈንም ማሰሮው ከመፈንዳቱ በፊት እሱ ይለቃል። ትኩስ አረቄ በሸክላ ወይም በጠርሙስ እንጂ በፕላስቲክ አይቀበሉት። ለጠላ ጋን ወይም ቀድሞ የምግብ ዘይት እንጂ ሌላ ያልያዘ ጀሪካን ይመረጣል። ልጆች የሚጠጡት ቅራሪ ከዚያው ዕቃ እንደሚቀዳም ማስታወስ ያስፈልጋል።

አሮጌውን ቱቦ አውልቃ ለቁራሌ ከሸጠችው ግን ወደ ሌላ ጓዳ መሄዱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትጎበኝበት ዕለት ቱቦው በፊቷ ተቆራርጦ ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ብታደርግ፣ ከዚያም ከዚያው ቤት የሚጠጡትን ጎረቤቶች ስለ ሆድ ቁርጠት ብትጠይቅ ጉብኝቱ የተሟላ ይሆናል።